ኃይል፣ ጉልበት፣ አቅም፦ በቀላል ማሽኖች ትምህርት የሚታይ የስያሜ ችግርና የመፍትሔ ሐሳብ

1. የችግሩ መነሻ

በሳይንስ ጽሑፍ ተርጓሚን የሚያስቸግረው ቃል ሁልጊዜ እንግዳው ቃል አይደለም። «ኦክስጅን» ወይም «ቴርሞሜትር» የሚል ቃል ሲያጋጥመው ተርጓሚው ድምፁን በፊደላችን ጽፎ ያልፋል፤ አንባቢውም ቃሉ አዲስ መሆኑን ስለሚያውቅ ትርጉሙን ይጠይቃል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ በየቀኑ የሚነገረው ቃል ነው። አንባቢ የሚያውቀው ስለሚመስለው አይጠይቅም፤ ተርጓሚም የሚያውቀው ስለሚመስለው መዝገበ ቃላት አይገልጥም። «ኃይል»፣ «ጉልበት» እና «አቅም» የዚህ ዓይነት ቃላት ናቸው።

የፊዚክስ ሊቃውንት በእንግሊዝኛ «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ» እና «ፓወር» እያሉ የሚለዩዋቸውን ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ስንፈልግ፣ ሦስቱንም በ«ኃይል» ተተርጉመው እናገኛቸዋለን። «የስበት ኃይል» ሲባል ፎርስ ነው፤ «የኃይል ምንጭ» ሲባል ኢነርጂ ነው፤ «የሞተሩ ኃይል» ሲባል ደግሞ ፓወር ነው። «ጉልበት»ም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። «ጉልበት ማለት መግፋት ወይም መሳብ ነው» ብሎ የሚያስተምር መምህር ፎርስን ማለቱ ነው፤ «የፀሐይ ጉልበት» የሚል ጸሐፊ ኢነርጂን ማለቱ ነው፤ «የፈረስ ጉልበት» የሚል መካኒክ ፓወርን ማለቱ ነው።

መደራረቡ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል ማሽኖችን በሚመለከተው ትምህርት ላይ ጎልቶ ይታያል። ተማሪው በአንድ ምዕራፍ «ማሽን ጉልበት ያበዛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነባል። በሚቀጥለው ምዕራፍ «ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚል ሕግ ይገጥመዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያስብ ብልህ ተማሪ አንዱ ሐሰት መሆን አለበት ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ግን በየመነሻቸው እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ስለ ፎርስ፣ ሁለተኛው ስለ ኢነርጂ የተጻፈ ነውና። ተቃርኖውን የፈጠረው ተርጓሚው እንጂ ተፈጥሮ አይደለችም።

2. ሦስቱ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ምሳሌ

የቃላት ምርጫ ከመደረጉ በፊት ጽንሰ ሐሳቦቹ ተለይተው መታወቅ አለባቸው። ለዚህም አንድ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም ጤፍ፣ 1.2 ሜትር ከፍታ ባለው የጭነት መኪና ላይ የሚያወጡ ጫኝና አውራጆችን እንመልከት። ስሌቱ እንዲቀል አንድ ኪሎ ግራም ወደ ምድር የሚሳብበትን መጠን 10 ኒውተን አድርገን እንውሰድ፤ ትክክለኛው 9.8 ገደማ ነው።

ኩንታሉን ቀጥ አድርጎ ለማንሣት ወደ ላይ 1000 ኒውተን መግፋት ያስፈልጋል። ይህ ፎርስ ነው። ፎርስ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ነገር ላይ የሚያርፍ ግፊት ወይም ስበት ነው። የጊዜ ቆይታም፣ የተሄደበት ርቀትም በትርጉሙ ውስጥ አይገቡም።

ይህ ግፊት 1.2 ሜትር ሲጓዝ 1000 በ1.2 ተባዝቶ 1200 ጁል ይሆናል። ይህ «ወርክ» ይባላል፤ በአማርኛ «ሥራ» የሚለው ስያሜ የጸና ነው። ሥራውን ለመሥራት ከሠራተኛው አካል የወጣው፣ አሁንም ከፍ ብሎ በተቀመጠው ኩንታል ውስጥ የተከማቸው ኢነርጂ ነው። ሥራና ኢነርጂ በአንድ መለኪያ፣ በጁል፣ መለካታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሥራ ኢነርጂ ከአንድ ነገር ወደ ሌላው የሚተላለፍበት አንዱ መንገድ ነው።

አንዱ ቡድን ኩንታሉን በ10 ሴኮንድ፣ ሌላው በአንድ ደቂቃ ቢያወጣው የተሠራው ሥራ እኩል ነው። ልዩነቱ በፓወር ላይ ነው። የመጀመሪያው 1200ን ለ10 በማካፈል 120 ዋት፣ ሁለተኛው ለ60 በማካፈል 20 ዋት አሳይቷል። ፓወር እንግዲህ ሥራው የሚሠራበት ምጣኔ ነው፤ ያለ ጊዜ ትርጉም የለውም።

አሁን ሠራተኞቹ 4.8 ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ ከመሬት ወደ መኪናው አጋድመው ኩንታሉን በላዩ ይግፉት። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ የሚያስፈልገው ግፊት ከ1000 ወደ 250 ኒውተን ይወርዳል፤ ርቀቱ ግን ከ1.2 ወደ 4.8 ሜትር ያድጋል። 250 በ4.8 ሲባዛ አሁንም 1200 ጁል ነው። ሳንቃው ፎርስን በአራት እጅ አቃለለ፤ ከሥራው ግን አንዲት ጁል አልቀነሰም። የቀላል ማሽኖች ትምህርት በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ፎርስንና ኢነርጂን በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ይህን ዐረፍተ ነገር ሊጽፈው አይችልም፤ «ሳንቃው ኃይልን ይቀንሳል፤ ኃይልን ግን አይቀንስም» ሊል ይገደዳልና።

3. ሌሎች ቋንቋዎች ያለፉበት መንገድ

ይህ ችግር የአማርኛ ድክመት ተደርጎ እንዳይታይ፣ ሌሎች ቋንቋዎችም ከዚያው ማጥ እንደ ወጡ ማስታወስ ይገባል።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ፎርስን «ቪስ» ብሎ ጠራው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1686፣ ላይብኒትዝ የሚንቀሳቀስ አካል የሚለካው በክብደቱና በፍጥነቱ ካሬ ብዜት ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ይህንም መጠን በኋላ «ቪስ ቪቫ»፣ ማለትም «ሕያው ኃይል» አለው። እርሱ ያየው ዛሬ ከኢነርጂ ወገን የምንመድበውን ነገር ነበር። በአንድ ቃል ሁለት ነገር የሚጠሩ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ፤ ከክርክሩም ብዙው ክፍል የስያሜ ክርክር ነበር። ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው ትምህርቱ ከግሪክኛ የመጣውን «ኢነርጂ» ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ሰጠ። ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ በ1829 ማሽኖችን በተመለከተ መጽሐፉ «ትራቫይ»ን፣ ማለትም «ሥራ» የሚለውን የተራ ሰው ቃል፣ የሳይንስ ስያሜ አደረገው። እንዲያም ሆኖ ሄልምሆልትዝ በ1847 የኢነርጂን አለመጥፋት ሕግ ሲያብራራ በርእሱ የተጠቀመው ጀርመንኛው «ክራፍት»ን ነው። ያ ቃል በዛሬው የጀርመንኛ ፊዚክስ ፎርስ ማለት ነው።

ለተርጓሚዎች ይበልጥ ጠቃሚ የሆነው ደግሞ የቀላል ማሽኖች የራሳቸው ታሪክ ነው። የእስክንድርያው ሄሮን አምስት ቀላል ማሽኖችን፣ ማለትም ሽክርክሪትና ዘንግን፣ መፈንቅልን፣ በከራን፣ ሽብልቅንና ጥምዝን ዘርዝሮ ጽፏል። የግሪክኛው መጽሐፍ ከጥቂት ቁራጮች በቀር ጠፍቷል፤ ሙሉ ሆኖ የደረሰን ቁስጣ ኢብን ሉቃ በ9ኛው መቶ ዓመት ወደ ዐረብኛ የተረጎመው ነው። አንድ ተርጓሚ ባይኖር ኖሮ የዚህ ትምህርት ጥንታዊ ሰነድ በእጃችን ባልኖረም ነበር። ዘንባላው ወለል እንደ ስድስተኛ ማሽን የተቈጠረው ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሄሮን አምስቱን ማሽኖች የጠራበት የግሪክኛ ቃል «ዲናሚስ» ሲሆን፣ ይህም ወደ እንግሊዝኛ «ሜካኒካል ፓወርስ» ተብሎ ተዛወረ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ሐረግ የሚያገኝ ተርጓሚ ስለ ዋት የተነገረ መስሎት እንዳይሳሳት፤ ሐረጉ «ቀላል ማሽኖች» ማለት ነው። እንዲሁም በአሮጌዎቹ መጻሕፍት መፈንቅሉ የሚገፋበት ወገን «ፓወር»፣ በፈረንሳይኛም «ፒዊሳንስ» ይባላል። በዚህ ቦታ ሁለቱም ፎርስ ናቸው። ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን ሳይሆን ቃሉ የቆመለትን መጠን መተርጐም አለበት።

4. የአማርኛው የራሱ ምስክርነት

አሁን ወደ ሦስቱ የአማርኛ ቃላት እንመለስ። የተራው ተናጋሪ አነጋገር በጥንቃቄ ሲመረመር ቃላቱ ፍጹም ተመሳሳይ አለመሆናቸው ይታያል። ልዩነቱን የሚገልጡት አብረዋቸው የሚሄዱት ግሦች ናቸው።

«ጉልበት» መጀመሪያ የአካል ክፍል ስም ነው፤ ከዚያ ወደ ሰውነት ብርታት ተሻገረ። ጉልበት ያልቃል፤ ይቆጠባል፤ ይባክናል፤ ይሸጣልም። «ጉልበቱን ሸጦ ያድራል» ስንል ሠራተኛው በውስጡ ያለውን፣ ሲሠራ የሚያወጣውን፣ በልቶና ዐርፎ የሚተካውን ነገር ማለታችን ነው። ተከማችቶ የሚወጣና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር ደግሞ ፊዚክስ ኢነርጂ ከሚለው ጋር እጅግ ይቀራረባል።

«ኃይል» ከግዕዝ የወረስነው ሲሆን በሌላ ላይ የሚያርፍ ነገርን ያሳያል። ነፋስ በኃይል ይመታል፤ ጎርፍ በኃይል ይገፋል፤ ሰው በሰው ላይ ኃይለ ቃል ይናገራል። በእነዚህ ሁሉ የሚያሳርፍና የሚያርፍበት ሁለት ወገን አለ፤ አቅጣጫም አለ። ይህ የፎርስ ጠባይ ነው። በርግጥ «በጉልበት ወሰደው» እና «በኃይል ወሰደው» ተቀራራቢ ናቸው፤ «በ» የሚለው መስተዋድድ ልዩነቱን ያደበዝዘዋል። ቃላቱ ባለቤት ወይም ተሳቢ ሆነው ሲገቡ ግን ልዩነቱ ይመለሳል።

«አቅም» በግዕዝ ከመለካትና ከመወሰን ጋር የተያያዘ ነው፤ በአማርኛም ልክንና ወሰንን ያመለክታል። «እንደ አቅሙ»፣ «ከአቅሙ በላይ» የሚሉት አነጋገሮች ይህን ያሳያሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው «የማምረት አቅም» የሚለው የፋብሪካ አነጋገር ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ የማምረት አቅሙ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «በቀን ይህን ያህል ኩንታል» ነው እንጂ ኩንታል ብቻ አይደለም። ምጣኔው ከጊዜ ጋር የተሳሰረ ነው። ፓወርም እንዲሁ በሴኮንድ የሚቈጠር ሥራ ነው።

5. የቀረበው ሐሳብና የሚነሡ ተቃውሞዎች

ከዚህ በመነሣት «ኃይል» ለፎርስ፣ «ጉልበት» ለኢነርጂ፣ «አቅም» ለፓወር ቢወሰን፣ «ሥራ»ም ባለበት ቢጸና የተሻለ ይሆናል። በዚህ ምርጫ ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሦስቱም ክብደት አላቸው።

አንደኛው የትምህርት ልማድ ነው። «ጉልበት»ን ለፎርስ፣ «አቅም»ን ለኢነርጂ፣ «ኃይል»ን ለፓወር የሚጠቀሙ መምህራንና ጸሐፊዎች አሉ። ኢነርጂ «ሥራ የመሥራት ችሎታ» ተብሎ ስለሚተረጐም «አቅም» ይስማማዋል የሚለው ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ስያሜ የሚመረጠው ከአንድ ትርጓሜ ጋር ስለ ተስማማ ብቻ ሳይሆን፣ በሕጎቹ ውስጥ ከሚገቡት ግሦች ጋርም ሲስማማ ነው። ኢነርጂ የሚተላለፍና የሚከማች ነው፤ አቅም ግን ይኖራል ወይም ያንሳል እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው አይፈስም። «የተከማቸ ጉልበት» የሚለው ለጆሮ ይስማማል፤ «የተከማቸ አቅም» ማብራሪያ ይሻል። «ጉልበት»ን ለፎርስ ስንሰጥም «የስበት ኃይል» የሚለውን የጸና ስያሜ መለወጥ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው «የፈረስ ጉልበት» የሚለው ስያሜ ነው። ይህ መለኪያ የፓወር ስለሆነ በሐሳባችን መሠረት «የፈረስ አቅም» መባል ነበረበት። ጄምስ ዋት የወሰነው የእንግሊዝ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 33,000 ጫማ ፓውንድ ሲሆን 746 ዋት ገደማ ነው፤ በሜትር የሚለካው ደግሞ 75 ኪሎ ግራምን በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ማንሣት ሲሆን 736 ዋት ገደማ ነው። ስያሜው እንዲለወጥ መጠየቅ ግን አያስፈልግም። ፈረንሳይኛ ይህን መለኪያ «የእንፋሎት ፈረስ»፣ ጀርመንኛም «የፈረስ ብርታት» ይሉታል፤ ሁለቱም ለፓወር የወሰኑትን ቃል አልተጠቀሙበትም። ጀርመኖች የኤሌክትሪክ ማመንጫን እስከ ዛሬ በ«ክራፍት» ይጠሩታል። የጸና ጥምር ስም እንደ አንድ ቃል ተቈጥሮ ይቀመጣል፤ መዝገበ ቃላቱ ግን «የአቅም መለኪያ» ብሎ ሊተረጕመው ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከኤሌክትሪክ ይመጣል። «የኤሌክትሪክ ኃይል»፣ «ኃይል ቆጣቢ አምፖል» የሚሉትን ሕዝቡ ተቀብሏቸዋል። እዚህም የጋራው አነጋገር ባለበት ይቆይ፤ በስሌት ጽሑፍ ግን ልዩነቱ ይጠበቅ። በየቤቱ ያለው ቆጣሪ የሚቈጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ስለሆነ ደንበኛው የሚከፍለው በዋናው ስለ ጉልበት ነው። ይህ ጉልበት ያለ ብክነት ቢሠራ ከላይ እንደ ጠቀስነው ያለ ኩንታል 3000 ጊዜ ወደ መኪና ያወጣ ነበር። በአምፖሉ ላይ የተጻፈው ዋት ግን አቅም ነው።

6. ስሕተቱ ከክፍል ሲወጣ

ጉዳዩ በፈተና ነጥብ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በግንባታ ቦታ ያለ የዕቃ ማንሻ ሁለት ቁጥር ይጻፍበታል እንበል፤ በሞተሩ ላይ 5 ኪሎ ዋት፣ በመንጠቆው ላይ 500 ኪሎ ግራም። የመጀመሪያው አቅም ነው፤ ሁለተኛው ገመዱና መንጠቆው የሚችሉት ኃይል ነው። መመሪያውን የተረጎመው ሰው ሁለቱንም «የማንሻው ኃይል» ብሎ ከጻፈ፣ ሠራተኛው ሞተሩ ጠንካራ ስለሆነ ጭነት መጨመር ይቻላል ብሎ ሊያስብ ይችላል። እውነትም ያው ሞተር በሌላ ማርሽ ቢሠራ ከዚያ የከበደ ነገር በዝግታ ያነሣል። ገመዱ ግን ስለ ዋት የሚያውቀው የለም፤ የሚበጠሰው በኃይል ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የስያሜ ጥራት ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ለመንጠቆው ቁጥር «የጭነት ልክ»፣ ለሞተሩ «አቅም» ማለት ይመረጣል።

7. የማሽኖቹና የክፍሎቻቸው ስም

በዚህ ረገድ አማርኛ ድሃ አይደለም። «ማሽን» የሚለውን ግን ባለበት መተው ይሻላል። «መኪና» ቀድሞ ለማንኛውም ማሽን ያገለግል ነበር፤ «የስፌት መኪና» የዚያ ቅሪት ነው፤ ዛሬ ብቻውን ሲነገር ተሽከርካሪው ነው የሚታሰበው። «ቀላል መሣሪያ» ቢባልም በወታደር ቋንቋ ሌላ ነገር ነው።

«መፈንቅል» ከ«ፈነቀለ» የወጣ ነው፤ ሕዝቡ በ«መፈንቅለ መንግሥት» ያውቀዋል። ግንበኛ ድንጋይ የሚፈነቅልበት ድጅኖ የዚህ ማሽን ጥሩ ምሳሌ ነው። 1.5 ሜትር የሆነ ድጅኖ ከጫፉ 0.25 ሜትር ላይ ቢደገፍ የእጅ ወገን ክንዱ 1.25 ሜትር ይሆናል፤ 2000 ኒውተን የሚጫን ድንጋይ በ400 ኒውተን ይነሣል። ድንጋዩ 4 ሴንቲ ሜትር እንዲነሣ ግን እጅ 20 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በሁለቱም ወገን ሥራው 80 ጁል ነው። የሚደገፍበት ነጥብ «መደገፊያ» ቢባል በቂ ነው።

«በከራ» ከዐረብኛ የመጣ፣ «ሽብልቅ» ደግሞ እንጨት ፈላጭ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። የጥምዝ ዘር የሆኑት ዕቃዎች በጋራዥ በጣልያንኛ ስማቸው ይታወቃሉ፤ «ብሎን» እና «ካቻቪቴ» የዚህ ምስክሮች ናቸው። «ጥምዝ» ለማሽኑ ጽንሰ ሐሳብ፣ «ብሎን» ለዕቃው ቢለዩ አይጋጩም።

ሁለት ስያሜዎች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ማሽኑ ኃይልን በስንት እጅ እንዳበዛ የሚነግረው ቁጥር ነው። በ«ጥቅም» ሲተረጐም አንባቢው በነጻ የተገኘ ትርፍ ይመስለዋል፤ ዋጋው ግን በርቀት ተከፍሏል። «የኃይል ብልጫ» ቢባል የበዛው ኃይል ብቻ መሆኑን ራሱ ስሙ ይናገራል። በድጅኖው ምሳሌ የኃይል ብልጫው 5 ነው።

ሁለተኛው ከገባው ሥራ ምን ያህሉ ለተፈለገው ነገር እንደ ዋለ የሚያሳየው መጠን ነው። በሳንቃው ላይ ሰበቃ ስላለ ሠራተኞቹ በ250 ፈንታ 400 ኒውተን ቢገፉ፣ የገባው ሥራ 1920 ጁል፣ የተገኘው 1200 ጁል፣ መጠኑም 62.5 በመቶ ይሆናል። ይህን «ቅልጥፍና» ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቅልጥፍና ፍጥነትን ያሳስባል፤ ፍጥነት ደግሞ የአቅም ጉዳይ ነው። በዝግታ የሚሠራ ማሽን ብክነቱ እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ብቃት» የተሻለ ነው።

8. ማጠቃለያ

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚከተሉት ፍቺዎች ቀርበዋል።

ኃይል (ፊዚ.)፦ የአንድን አካል እንቅስቃሴ ወይም ቅርጽ ለመለወጥ የሚያርፍበት ግፊት ወይም ስበት፤ መለኪያው ኒውተን።
ሥራ (ፊዚ.)፦ ኃይል በአቅጣጫው በተሄደበት ርቀት ሲባዛ የሚገኝ መጠን፤ መለኪያው ጁል።
ጉልበት (ፊዚ.)፦ ሥራ ለመሥራት የሚያስችል፣ የሚከማችና የሚተላለፍ መጠን፤ መለኪያው ጁል።
አቅም (ፊዚ.)፦ ሥራ በጊዜ ውስጥ የሚሠራበት ምጣኔ፤ መለኪያው ዋት።
የኃይል ብልጫ፦ ከማሽን የሚወጣው ኃይል ለሚገባው ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር፤ መለኪያ የለውም።
ብቃት፦ ከማሽን የተገኘው ሥራ ለገባው ሥራ ሲካፈል የሚገኝ ክፍልፋይ፤ በመቶኛ ይነገራል።

ይህ ምርጫ በሁሉም ዘንድ እስኪጸና ድረስ ተርጓሚው ሊይዘው የሚገባ አንድ ደንብ አለ። የመነሻው ቋንቋ ቃል ምንም ይሁን ምን፣ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ይመልከት። ኒውተን ከሆነ ኃይል፣ ጁል ወይም ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ ሥራ ወይም ጉልበት፣ ዋት ወይም የፈረስ ጉልበት ከሆነ አቅም ነው። መለኪያ የሌለበት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከጊዜ ጋር ይካፈል እንደ ሆነ፣ ከርቀት ጋር ይባዛ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ሌላ ስያሜ የሚመርጥ ጸሐፊም ቢሆን የመረጠውን በመጽሐፉ መጀመሪያ ያስታውቅ፤ እስከ መጨረሻውም አይለውጠው። እንዲህ ከተደረገ «ማሽን ኃይልን ያበዛል፤ ጉልበትን ግን አያበዛም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያለ አስረጂ ሊረዳው ይችላል።